አልባትሮስና የዓሣ አጥማጆች መንጠቆ

በእርሻ አገር ያደገ ሰው ወፍ ማባረር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ማሽላው ሲያፈራ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው ይጮኻሉ፤ ይህንም የሚያደርጉት እህሉን ከወፍ ለማዳን ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምገልጸው ግን ወፉን ራሱን ከሞት ለማዳን ስለሚደረግ ማባረር ነው። ይኸውም የሚደረገው ነፋስ በማያርፍበት በደቡብ ውቅያኖስ፣ በዓሣ አጥማጆች መርከብ ላይ ነው።

አልባትሮስ የሚባለው የባሕር ወፍ 22 ያህል ዓይነቶች አሉት። ከሁሉ የሚበልጠው ተንከራታቹ አልባትሮስ ሲሆን፣ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ተኩል ሊደርሱ ይችላሉ። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የአበራረሩ ዘዴ ነው። በውሃው ወለል አጠገብ የነፋሱ ኃይል ይደክማል፤ ከፍ ሲሉ ግን ይበረታል። ወፉ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም ዞሮ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ቁልቁል ይወረወራል። ይህን እየደጋገመ፣ ክንፉን ሳያራግብ፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በትከሻው ያለው ጅማት ክንፉን ዘርግቶ ስለሚይዝለት ጡንቻው ብዙ አይደክምም። ስለዚህ መርከበኛውን የሚያስጨንቀው ብርቱ ነፋስ ለአልባትሮስ ስንቁ ነው፤ ነፋሱ ጸጥ ሲል ግን መብረር ስለሚከብደው ውሃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ማዕበል የማይበግረው ይህ ወፍ በአንዲት ትንሽ መንጠቆ ይሞታል። ቱና የሚያጠምዱ አንዳንድ መርከቦች 100 ኪሎ ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ በሺህ የሚቆጠሩ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበት ገመድ ወደ ባሕር ይለቃሉ። በየመንጠቆው የተሰካው ምግብ እስኪሰጥም ድረስ ከውሃው ወለል አጠገብ ይቆያል። ወፉም ያለ ድካም የተገኘ ምግብ መስሎት ሲውጠው መንጠቆው ይይዘዋል፤ የገመዱም ክብደት ጎትቶ ያሰጥመዋል። ኒጀል ብራዘርስ የተባለ በታዝማንያ የሚሠራ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት፣ በጃፓን የቱና መርከቦች ብቻ በየዓመቱ 44,000 ያህል አልባትሮሶች እንደሚሞቱ ገመተ።

ይህ ቁጥር ስለ ምን ያስፈራል ቢባል፣ አልባትሮስ እንደ ዶሮ ፈጥኖ የሚራባ ወፍ ስላልሆነ ነው። ተንከራታቹ አልባትሮስ እንቁላል መጣል የሚጀምረው 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ የሚጥለውም ቢበዛ በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ጫጩቱ 9 ወር ያህል በጎጆው ሲቆይ እናትና አባቱ ምግብ ያመጡለታል። ከሁለቱ አንዱ በመንጠቆ ቢቀር ሌላው ብቻውን ሊያሳድገው ስለማይችል ጫጩቱ በረኃብ ይሞታል። እንግዲህ አንድ መንጠቆ ሁለት ነፍስ ያጠፋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ግን እንደ ሕመሙ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ራሳቸው ያገኙት የወፍ ማስፈራሪያ ገመድ ነው። ከመርከቡ ኋላ ካለ ረጅም ምሰሶ ላይ 100 ሜትር ያህል ገመድ ይዘረጋል፤ በላዩም ደማቅ ቀለም ያላቸው ጭራዎች ይንጠለጠላሉ። እነዚህ ሲውለበለቡ ወፉ ወደ መንጠቆው መቅረብ ይፈራል። ሁለተኛው፣ ምግቡ ፈጥኖ እንዲሰጥም በመንጠቆው አጠገብ ክብደት ማሰር ነው። ሦስተኛው፣ አልባትሮስ በብዛት የሚመገበው ቀን ስለ ሆነ፣ መንጠቆውን በሌሊት መጣል ነው። ሦስቱ ባንድነት ሲሠሩ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ምክንያቱም በዐውሎ ነፋስ ጊዜ የጎን ነፋስ የማስፈራሪያውን ገመድ ገፍቶ ከመንጠቆዎቹ መሥመር ያወጣዋል፤ በዚያን ጊዜ ወፉን የሚጠብቁት ክብደቱና ጨለማው ናቸው።

ዘዴው ቢታወቅም በመርከቡ ላይ ቆሞ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በርድላይፍ ኢንተርናሽናልና የብሪታንያ የወፎች ጥበቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 የአልባትሮስ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ ሥራውም በደቡብ አፍሪካ ተጀመረ። አስተማሪዎቹ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ተሳፍረው፣ ማዕበሉ እያናወጣቸው፣ የሞቱትን ወፎች ይቆጥራሉ፤ የገመዱንም አዘረጋግ ያሳያሉ። ዓሣ አጥማጁንም እንደ ጠላት አያዩትም፤ ምግቡን ወፍ የወሰደበት መንጠቆ ዓሣ ስለማይዝ፣ ጥቅሙ የእርሱም መሆኑን ያስረዱታል። በናሚቢያ፣ በዋልቪስ ቤይ ከተማ፣ የሴቶች ማኅበር ገመዶቹን እየሠራ ገቢ አግኝቶበታል። መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ገመዱን በሕግ ካስገደደ በኋላ፣ ከባሕሩ ወለል በታች በጥልቁ በረጅም ገመድ በሚያጠምዱት መርከቦች የሚሞቱት የባሕር ወፎች ቁጥር በ98 በመቶ ቀነሰ።

ነገር ግን ሥራው አላለቀም። በደቡብ ጆርጅያ ደሴት አካባቢ ጥብቅ ሕግ ከወጣ ወዲህ በመንጠቆ የሚሞት አልባትሮስ ከሞላ ጎደል የለም። ሆኖም በዚያ የሚፈለፈለው ተንከራታች አልባትሮስ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እየቀነሰ ሄዷል፤ ምግብ ፍለጋ ሕጉ ወደማይደርስበት ባሕር ይበራልና። ድንበር ለማያውቅ ወፍ የአንድ አገር ሕግ አይበቃውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ወፍ ምን አገባው?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም ባሕር አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ከዚህ ጥናት የተማርሁት ለየብስም ይሠራል፤ ይኸውም ዕውቀት በመጽሐፍ ተጽፎ ቢቀር አንዲት ነፍስ እንኳ አያድንም። ወፉን ያዳነው ዕውቀቱን ተሸክሞ ወደ መርከቡ የወጣው ሰው ነው። ሳይንስ የምንማር ተማሪዎችም ነገ ወደ ገበሬው ማሳ፣ ወደ ሐይቃችን ዳርና ወደ ጫካችን ስንሄድ፣ የሥራውን ባለቤት አክብረን፣ አብረነው ቆመን፣ እጃችንን ከእጁ ጋር እናሠማራ።