ጎተራው የሚጎድልበት ወር

ራብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ነው። ያን ጊዜ እዚህ አጠገባችን እብናት ላይ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ርኁብ ተጠልሎ ነበር፤ በሚያዝያ መጠለያው በባለሥልጣኖች ትእዛዝ ተበትኖ ደካማው ሁሉ በእግሩ እንዲሄድ ተደረገ።

ነገር ግን ራብ በድርቅ ዘመን ብቻ አይመጣም። በጋይንት፣ በስማዳና በእብናት ዝናብ በደህና በጣለበት ዓመት እንኳ ሐምሌና ነሐሴ የጭንቅ ወራት ናቸው፤ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና አልደረሰምና። ያን ጊዜ እህል ይወደዳል፤ ሁሉም ለመሸጥ ስለሚያወጣ ከብት ይረክሳል። በሬውን የሸጠ ገበሬ በዓመቱ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጥና የምርቱን ግማሽ ብቻ ያገባል። ይኸን ስንፍና የሚሉት ሰዎች አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ የቀረ መሬት አርሰው አያውቁም።

ደግሞስ ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርተው ፎገራ በዚሁ በደቡብ ጎንደር አይደለምን? እህል በአገር ሞልቶ ገንዘብ የሌለው ከገበያ ባዶ ስልቻ ይዞ ይመለሳል። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ከዚያው ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር የታሰበው ይኸን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ እህል ወይም ገንዘብ እንዲቀበል።

ለሚመጣው እሑድ ከየሰፈራችን ሽማግሌዎች ጠይቀን እንምጣ፤ ጎተራው በየትኛው ወር ይጎድላል? መጀመሪያ የሚሸጠውስ በጉ ነው፣ በሬው ነው ወይስ የጓሮው ባሕር ዛፍ?