የከተማ መንገድ ለምን ይዘጋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ሞጆ ከተማን እናገኛለን። ሞጆ በጣም ትልቅ ከተማ አይደለችም። ነገር ግን የቆዳ ፋብሪካዎች አሉባት። በአገራችን ካሉት ደረቅ ወደቦች ትልቁ የሚገኘውም እዚያ ነው። ደረቅ ወደብ ማለት ከባሕር ወደብ የመጣ ዕቃ የሚራገፍበት፣ የጉምሩክ ሥራ የሚፈጸምበትና ባለቤቱ እስኪወስደው ድረስ የሚቀመጥበት ሰፊ ግቢ ነው። መርከብ የማይደርስበት ወደብ ስለሆነ ደረቅ ተባለ።

ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አዳማ፣ ከዚያም በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ ያመራል። ሁለተኛው በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሐዋሳ ይወርዳል። ከጅቡቲ ማዳበሪያ የጫነው፣ ከደቡብ ቡና የጫነው፣ ከአዲስ አበባ ሰው የጫነው ሁሉ በዚህች ከተማ ውስጥ ወይም በዳርቻዋ ያልፋል። በዚህ ላይ ሠራተኛው ወደ ፋብሪካው ይሄዳል፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፣ የአካባቢው ገበሬም እህሉን በአህያና በጋሪ ጭኖ ወደ ገበያ ይመጣል።

«ይህ የከተሜ ችግር ነው፤ ገበሬውን ምን አገባው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እስቲ ነገሩን ከማዳበሪያ እንጀምር። የምንጠቀምበት ማዳበሪያ ከውጭ አገር ይመጣል፤ በብዛት የሚገባውም በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ለመኸር እርሻ የሚሆነው ከዘር ወቅት በፊት መድረስ አለበት። የጫነው መኪና በየከተማው ተገትሮ የሚያጠፋው ጊዜ ከንቱ ሆኖ አይቀርም፤ ነዳጅ ሆኖ፣ የሾፌር አበል ሆኖ፣ የመኪና ኪራይ ሆኖ ይቆጠራል። በመጨረሻም በኩንታሉ ዋጋ ላይ ይታከላል። ከመቂና ከባቱ የሚነሣው ቲማቲምም እንዲሁ ነው። በሳጥን ታጭቆ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከዋለ ገበያ ሲደርስ ከሥር ያለው ፈርጧል። ነጋዴው ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ማሳ ድረስ መጥቶ ሲገዛ ሊበላሽ የሚችለውን አስልቶ ዋጋ ይሰብራል። የመንገዱን ኪሳራ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ እንግዲህ አንባቢው ይፍረድ።

ለመሆኑ መንገድ የሚዘጋው መኪና ስለ በዛ ብቻ ነውን? አይደለም። ማታ ከብት ወደ በረት ሲገባ እናስታውስ። ከብቶቹ ሜዳው ላይ ሳሉ አይጋፉም። የሚጋፉት በሩ ላይ ሲደርሱ ነው። አንዲት ላም በሩ መካከል ቆማ ማመንዠክ ብትጀምር የቀሩት ሁሉ ከኋላዋ ይገተራሉ። ሜዳውን እጥፍ ብናሰፋው ምንም ለውጥ አናገኝም። መንገድም እንዲሁ ነው። አንዲት ጠባብ ቦታ የመንገዱን ሁሉ ዕድል ትወስናለች።

አሁን እርሳስና ወረቀት እናንሣ። ቁጥሮቹ ለስሌቱ ብለን የወሰድናቸው ናቸው። ጠባቧ ቦታ በአንድ ደቂቃ 10 መኪና ታሳልፋለች እንበል። ወደ እርሷ የሚመጣው ግን በደቂቃ 12 ነው። እንግዲህ በየደቂቃው 2 መኪና ሳያልፍ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ፣ 2 ሲባዛ በ30፣ 60 መኪና ተሰልፎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መኪና ቀነሰና በደቂቃ 8 ሆነ እንበል። ሰልፉ አሁን በየደቂቃው በ2 ይቀንሳል። 60ው እስኪያልቅ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መኪና የበዛው ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፤ መንገዱ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨናንቆ ቆየ ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት ሌላም ነገር እናገኛለን። ከሚመጡት 12 መኪናዎች ሁለቱ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ መንገድ ቢሄዱ ኖሮ ሰልፍ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ከስድስት መኪና አንዱን ብቻ ዘወር ማድረግ ይበቃል። የመንገድ መጨናነቅ ከሩቅ ሲያዩት መፍትሔ የሌለው ይመስላል፤ ሲቆጥሩት ግን እንዲህ ነው።

ጠባቧን ቦታ የሚፈጥራት ታዲያ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ መሐንዲሱ አይደለም። አሮጌው የአስፋልት መንገድ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ሲሄድ አንድ መኪና ሲመጣ የሚያስተላልፍ ነው። ሾፌሩ ከባድ መኪናውን ከነተሳቢው ጠርዝ ላይ አቁሞ ምሳ ቢገባ የመንገዱ ግማሽ ጠፋ። ሚኒባሱ ረዳቱ ጠርቶ እስኪሞላ ድረስ ይቆማል። ባጃጁ ሰው ባየበት ሁሉ ይቆማል። ጉሊት የምትቸረችረው ሴት ገዢ የሚያልፈው እዚያ ስለሆነ ዕቃዋን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትዘረጋለች፤ እግረኛውም ቦታ ሲያጣ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል። ጋሪው መሐል ለመሐል ያዘግማል፤ ከኋላው 40 ቶን የጫነ መኪና ቀስ እያለ ይከተለዋል፤ ትዕግሥት ያጣው ሾፌር ቀድሞ ለማለፍ ሲወጣ ከፊት ለፊት ሌላ ይመጣል። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። መጨናነቅና አደጋ ከአንድ እናት ይወለዳሉ። እርሷም ፈጣኑና ዘገምተኛው፣ የሚያልፈውና የሚቆመው፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ መንገድ መደባለቁ ነው።

ብዙ ሰው «መንገዱ ይስፋ» ይላል። መስፋቱን አንጠላም። ነገር ግን የሰፋው ጠርዝ መኪና ማቆሚያና ጉሊት ከሆነ መንገዱ ተመልሶ ያው ይሆናል፤ ገንዘቡም ይባክናል። የሚያስፈልገው መለየት ነው።

በዚህ በኩል ሞጆ አካባቢ ከተሠሩት ሥራዎች ትልቁ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመኪና ተከፈተ። ለመሄጃ ሦስት፣ ለመመለሻ ሦስት መስመር አለው። የሚያልፈው በከተሞቹ መካከል ሳይሆን በዳር ነው፤ ባለመኪናውም ገንዘብ ከፍሎ ይሄድበታል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ አቅጣጫም ይህን የመሰለ መንገድ ተጀምሮ ከፊሉ አገልግሎት ይሰጣል። ይህ ሲሆን፣ ቢሾፍቱና ሞጆ ውስጥ ጉዳይ ሳይኖረው እንዲያው ያልፍ የነበረው ብዙ መኪና ከከተማው ወጣ።

የፍጥነት መንገዱ በአጥር የተከለለ ነው። እግረኛ፣ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ አይገቡበትም። ገበሬው ከብቱን ይዞ እንዲሻገር በሥሩ መተላለፊያ ተሠርቷል። መተላለፊያው አንዳንዱን ሰው ዙሪያ ያስኬደዋል፤ ቤቱ ከወዲህ፣ ማሳው ከወዲያ የሆነበት ገበሬ ቢያማርር አንፈርድበትም። ወደ ፊት እንዲህ ያለ መንገድ ሲሠራ መተላለፊያው የት ይሁን የሚለውን ገበሬውን ሳይጠይቁ መወሰን ስሕተት ነው። ቢሆንም አጥሩን ቆርጦ መሻገር ሞትን መጥራት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰውየው ሦስቱን መስመር ለማቋረጥ 8 ሴኮንድ ቢፈጅበት መኪናው 224 ሜትር ሄዷል። መሻገር ሲጀምር ሩቅ የነበረው መኪና መሐል ላይ ይደርስበታል።

ሁለተኛው ሥራ የባቡር ሐዲዱ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ብዙ ከባድ መኪናዎች የሚሸከሙትን ባቡር በአንድ ጊዜ ይጎትታል። ነገር ግን ባቡር እስከ ደጃችን አይደርስም። ደረቅ ወደቡ ላይ የተራገፈውን ኮንቴይነር ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ሌላው አገር የሚወስደው ያው መኪና ነው። ስለዚህ ባቡሩ ረጅሙን መንገድ ሲያቃልል ደረቅ ወደቡ ባለበት ከተማ የመኪናውን ብዛት አያጠፋውም። የደረቅ ወደብ ከተማ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሰፊ ቦታ፣ ከአስፋልቱ ርቆ፣ ውሃና ምግብ ቤት ያለው፣ ጥበቃም ያለው ካላዘጋጀ ሾፌሩ የት ይቁም? ጎማው የሚሰረቅበት ቦታ ወስዶ እንዲያቆም ልናስገድደው አንችልም። ሾፌሩን መቅጣት ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ግን ቦታ ይሰጠው።

በቦታ ብቻ ሳይሆን በሰዓትም መለየት ይቻላል። ይህኛው ወጪው ትንሽ ነው። ሦስት ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን በአንድነት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቢለቁ መንገዱ ይሞላል። አንዱ በ10 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው በ11፣ ሦስተኛው በ11 ሰዓት ተኩል ቢለቅ ያው ሰው፣ በዚያው መንገድ፣ ሳይጋፋ ይገባል። አስፋልት አልተነጠፈም፤ ሥራ አስኪያጆች ተነጋገሩ እንጂ።

የሰዓት ገደብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጭነት መኪናዎች ቀን ቀን እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ ጥላ ነበር። በቀን የተከለከለ መኪና በንኖ አይጠፋም። በከተማው በር ወይም በአጎራባች ከተማ ሆኖ መሽቶ እስኪፈቀድለት ይጠብቃል። አንዱ ከተማ የራሱን መንገድ ሲያጸዳ የጎረቤቱን እንዳይዘጋ ሁለቱ አስቀድመው መመካከር አለባቸው።

ስለ ጉሊቷና ስለ ጋሪው ሳንናገር ማለፍ አይገባም። መንገድ ይጽዳ ሲባል መጀመሪያ የሚባረሩት እነርሱ ናቸው። ጠዋት ይባረራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ለምን ቢሉ፣ የዕለት እንጀራቸው እዚያ ስለሆነ ነው። ከዋናው መንገድ ሃምሳ ወይም መቶ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ሚኒባሱ ሰው በሚያወርድበት በኩል መደብ ቢሠራላቸው ገዢው ራሱ ወደ እነርሱ ይሄዳል። ገበያ ከሰው መንገድ ከራቀ ግን ማንም አይገባበትም፤ ባዶውን የቀረ የገበያ አዳራሽ ያላየ የለም። ለጋሪም ከአስፋልቱ ጎን የጠጠር መንገድ ማውጣት ይቻላል። የገበያ ዕለት ጋሪዎችና አህዮች የሚያርፉበት፣ እህል የሚራገፍበት ግቢ በከተማው መግቢያ ላይ ቢኖር ገበሬው እስከ ዋናው መስቀለኛ መንገድ ድረስ መግባት አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን ግቢ የት እንደሚሠራ የከተማው አስተዳደር ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። በየትኛው በር ስንት ጋሪ እንደሚገባ፣ በየትኛው ወር እህል እንደሚበዛ የሚያውቁት የየቀበሌው ገበሬዎች ናቸው። አንድ ሰው መግቢያው ላይ ተቀምጦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የሚያልፈውን ጋሪ በደብተር ላይ ቢመዘግብ፣ በየገበያው ዕለትም እንዲሁ ቢያደርግ፣ በወሩ መጨረሻ ለአስተዳደሩ የሚቀርብ ቁጥር በእጁ አለ።