ሙያን ከልብ ወደ ወረቀት

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ስለ ራስ ማውራት ነውር ሆኖብን ስላደግን የሚችል ሰው ዝም ይላል፤ ሥራው እንዲናገርለት ይጠብቃል። ደብረ ታቦር ላይ ተመርቀው ቤት ከዋሉ ልጆች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ይህ አባባል ምን ያህል እንደሚያስከፍል አያለሁ። ልጁ ዲግሪውን ይዟል፤ ከዲግሪው በፊትም ሆነ በኋላ ስንት ነገር በእጁ ሠርቷል። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት ግን መልሱ «የተገኘውን» ነው። የተገኘውን እሠራለሁ ያለ ሰው ደግሞ ለቀጣሪው ምንም አልነገረውም።

የሙያ አማካሪ ዋና ሥራው ይህን በልብ የተቀመጠ ሙያ አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር፣ ከዚያም በአካባቢው ካለው ሥራ ጋር ማገናዘብ ነው። ሥራ አያስገባም። ብዙ ሰው «የሚያስገባ» ፈልጎ ይሄድና ጥያቄ ብቻ ጠይቆ የመለሰውን አማካሪ እያማ ይመለሳል፤ ስለዚህ ይህን ከመነሻው ማወቅ ይበጃል።

ነገሩ ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ቦስተን ላይ የሙያ ምክር ቢሮ ሲከፍት መንገዱ ሦስት ነበር፦ ራስን ማወቅ፣ ሥራውን ማወቅ፣ ሁለቱን ማገናዘብ። ይህንኑ የአብነት ትምህርት ቤት ከዚያ ቀድሞ ሲሠራበት ኖሯል። እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። የኔታ የተማሪውን ድምፅ ሰምተው፣ ቅኔ ሲቆጥር አይተው ወዴት እንደሚያዘነብል ያውቃሉ። ዘመናዊው ትምህርት ግን ልጁን የሚመድበው በውጤት ነው። በተለይ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት በቆየው ምደባ ሳቢያ፣ ሳይመርጠው የገባበትን ትምህርት ጨርሶ የወጣ ሰው ብዙ ነው። እንግዲህ የኔታን የሚተካ ሰው መፈለግ የራስዎ ፋንታ ሆኗል።

አንድ፦ አማካሪውን መምረጥ

«የሙያ አማካሪ» የሚል ታፔላ ፍለጋ ከተማውን አይዙሩ። መጀመሪያ የተማሩበትን ተቋም ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲውም ሆነ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ተመራቂን ከሥራ የሚያገናኝ ክፍል ካለው፣ ከተመረቁ በኋላም ቢሆን በሩን ያንኳኩ። ደረጃ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ለተመራቂዎች የሥራ ዝግጅት ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል፤ ጥሪ ሲወጣ ይመዝገቡ። ቀበሌ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ሥራ ፈላጊ ይመዘግባል። ምክር ባያገኙበት እንኳ ምዝገባውን አይተዉ፤ ወደፊት ተደራጅተው ብድር ልጠይቅ ቢሉ መነሻው እሱ ነው።

እነዚህ ካልሆኑልዎ፣ በአንድ ሙያ አሥር ዓመት ያህል የሠራና የእርስዎ ሥራ መያዝ የማይጠቅመው፣ አለመያዝዎም የማይጎዳው ሰው ይበቃል። አባት ጥሩ አማካሪ አይሆንም ስል ቅር የሚለው አይጠፋም። የማይሆነው ልጁን ስለሚወድ ነው፤ የመንግሥት ደመወዝ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። «ቦታ አለ፣ መጀመሪያ ገንዘብ አምጣ» የሚል ሰው ግን ደላላ ነው፤ ሻይ እንኳ አይጋብዙት።

ሁለት፦ ሃያ መስመር

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ደብተር ያውጡና እስከ ዛሬ በእጅዎ የሠሩትን ሃያ ነገር በሃያ መስመር ይጻፉ። ደንቡ ሁለት ነው፦ እያንዳንዱ መስመር በግሥ ይለቅ፤ ከተቻለ ቁጥር ይኑረው። «ታታሪ ነኝ» አይቆጠርም። «የእድራችንን የ80 አባወራ መዝገብ ለአንድ ዓመት ያዝኩ» ይቆጠራል።

ባለፈው ክረምት በእንስሳት ሳይንስ የተመረቀ አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። አራት መስመር ብቻ ነው የጻፈው፤ አራቱም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ሌላ የለኝም» አለኝ።

«ከተመረቅህ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። የት ነው የምትውለው?»

«አጎቴ ወፍጮ ቤት አለው፤ እዚያ ነኝ።»

«ተቀምጠህ?»

«ኧረ እህል እመዝናለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ። ቺንጋው ሲበጠስ እኔ ነኝ የምቀይረው። ድንጋዩንም እወቅራለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

«ይሄማ ሥራ አይደለም ጋሼ፤ መርዳት ነው።»

መርዳት ያለውን አንድ በአንድ ስንጽፈው ሰባት መስመር ወጣው። ከሰባቱ አንዱን ያወጣሁት በስንት ልመና ነው። መብራት ሲጠፋ ሰዉ ጆንያውን ጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማታ መብራት ሲመጣ የትኛው ጆንያ የማን እንደሆነ ጠብ ይነሣ ነበር። ልጁ በየጆንያው ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፎ፣ ያንኑ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ለባለቤቱ መስጠት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የጠፋ ጆንያ የለም። ይህን ሲነግረኝ ያፍር ነበር።

ሴቶች ልጆች ደግሞ ከዚህ የባሰ ይደብቃሉ። የእናቷን የበርበሬ ንግድ ሒሳብ ስትይዝ የኖረች ልጅ «ቤት ነው የነበርኩት» ትላለች። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም አማካሪው ጠዋት ከተነሣችበት እስከ ማታ ያለውን ውሎዋን በሰዓት እንድትነግረው ይጠይቃት፤ ሥራው ከዚያ ይወጣል።

ሦስት፦ የማይሆነውን መለየት

«ምን ትወዳለህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያራምድም። ጆን ሆላንድ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ የሥራ ዝንባሌን በስድስት ከፍሎ ያዘጋጀው መጠይቅ ዛሬ በስልክም ይገኛል፤ ቢሞሉት አይጎዳም። እኔ ግን የማይሆኑትን ሦስት ነገሮች ማስጻፍ እመርጣለሁ። ከዚያ ላይ አንድ ቁጥር ይጨምሩ፦ የቤት ኪራይ፣ ቀለብና ለቤተሰብ የሚላከው ተደምሮ በወር ከስንት ብር በታች መኖር እንደማይችሉ። ወላጅ ጧሪ ከሆኑ፣ ወይም መሬቱን የሚያርስ ሌላ ሰው ከሌለ፣ ይህንንም አሁኑኑ ይጻፉት፤ አዲስ አበባ ፈተና አልፈው ከተጠሩ በኋላ የሚነገር ነገር አይደለም።

አራት፦ አገሩን መዞር

አማካሪው ጥሩ ከሆነ በሁለተኛው ቀጠሮ ማግስት ከቤት ያስወጣዎታል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ከበላይዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ አለ። በፋርጣና በላይ ጋይንት ወረዳዎች የሚመረተው ገብስና ድንች ነው። ድንች ካለ የዘር ድንች ማከማቻ፣ የሚያጓጉዝ መኪና፣ መኪናውን የሚጠግን ጋራዥ አለ። የቻይና መንገድ በሚባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲወርዱ ወረታን ያገኛሉ፤ እዚያ ሌላ ዓለም ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የለመደው በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ካስተዋወቁት በኋላ ነው። ያኔ ገበሬው የማያውቀው እህል ዛሬ የመፈልፈያ ማሽን ባለቤት፣ ኦፕሬተር፣ መካኒክ፣ መዛኝ፣ ነጋዴና ጫኝ አውራጅ ያስተዳድራል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ወረታ ተተክሏል። ደረቅ ወደብም አለ። «እዚህ አገር ሥራ የለም» የሚሉ ልጆችን ስጠይቃቸው አብዛኞቹ ወረታን የሚያውቋት በአውቶቡስ መስኮት ነው።

ሦስት የሥራ ቦታዎች ይምረጡና ከየቦታው አንድ ሠራተኛ በእረፍት ሰዓቱ ያነጋግሩ። ሲሄዱ «ሥራ አለ ወይ?» አይበሉ፤ ያ ጥያቄ በር ይዘጋል። እነዚህን ይጠይቁ፦ ትናንት ጠዋት መጀመሪያ የሠራኸው ምንድን ነው? ከዚህ ሥራ የሚያማርርህ የቱ ነው? እዚህ ለመግባት የትኛው ወረቀት ተጠየቅህ? የመጨረሻው ሰው የተቀጠረው በማስታወቂያ ነው ወይስ በሰው ጥቆማ? መልሱን ከፊቱ አይጻፉ፤ ወጥተው ይጻፉት።

አምስት፦ አሥር ቀን መሞከር

ከሦስቱ አንዱን አሥር የሥራ ቀን ይሞክሩት። ደመወዝ የለውም፤ ምሳና ትራንስፖርት ቢሸፍኑልዎ ጥሩ ነው። ቀኑ ከዚያ አይብለጥ፤ አለበለዚያ ነፃ ጉልበት ሆነው ይቀራሉ።

ሞክሮ መማር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ ጋፋት ከደብረ ታቦር ቅርብ ነው። አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን በወንጌል ሰባኪነት የመጡ ባለእጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ መድፍ አፍስሰው አያውቁም። ሞክረው ከሽፎባቸው፣ ደግመው ሞክረው ነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣው። እነሱ ንጉሥ ቆሞባቸው ነው። እርስዎ በፈቃድዎ ስለሚሞክሩ፣ የከሸፈውን ትቶ የመውጣት መብትም አለዎት።

የወፍጮ ቤቱን ልጅ ወረታ ወደ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ላክሁት። ማሽን ይወዳል ብዬ ነበር፤ እሱም እንደዚያ ብሎ ነበር። በስምንተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። «ማሽኑ አይደለም ጋሼ። ጫጫታው ራሴን ያመኛል። የሚጥመኝ የሚገባውንና የሚወጣውን መመዝገቡ ነው» አለ። ስምንት ቀን ባይሞክር ኖሮ የመካኒክነት ሥልጠና ገብቶ አንድ ዓመት ያባክን ነበር፤ የላክሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የእኔ ይሆን ነበር።

ስድስት፦ የጎደለውን ወረቀት ማሟላት

አሁን የትኛው ወረቀት እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው ወረቀቱን ሰብስቦ ሥራውን ኋላ ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመውጫ ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ አለበት። የወደቀ ሰው ደግሞ መፈተን ስለሚችል፣ ያን ጊዜ ቤት ከመዋል ይልቅ ከዝግጅቱ ጎን ለጎን አጭር ሥልጠና ይያዝ። ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና በመደበኛ ትምህርት ያልሄደ፣ ሙያውን በልምድ የተማረ ሰውም መውሰድ ይችላል፤ በአጎቱ ጋራዥ ያደገ ልጅ ይህን አያውቅም። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በ2016 ዓ.ም. ያለፈው 5.4 በመቶ ብቻ በሆነበት አገር፣ ይህ በር ከዩኒቨርሲቲው በር ይልቅ ለብዙ ሰው የቀረበ ነው።

የሰነድ ኮፒ በወረቀት ይያዙ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ዶክመንቱን ቴሌግራም ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ሥራ እያየ አልፎታል።

ሰባት፦ ሲቪውን እንደገና መጻፍ

የልጁ የመጀመሪያ ሲቪ እንዲህ ይል ነበር፦ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢና በጫና ውስጥ መሥራት የምችል ነኝ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ከኢንተርኔት ቤት ያልገለበጠ ተመራቂ አላየሁም።

የኋለኛው ይህ ነው፦ «በቤተሰብ ወፍጮ ቤት ለሁለት ዓመት የእህል ሚዛንና የዕለት ገቢ መዝገብ ያዝኩ። መብራት ሲጠፋ የደንበኞችን ጆንያ በቁጥር ተረክቤ አስረከብኩ፤ አንድም አልጠፋም። በወረታ ሩዝ መፈልፈያ ለስምንት ቀን የገቢና ወጪ ምዝገባ ተለማመድኩ።» ዲግሪው ከዚህ በታች መጣ። አባቱ ዲግሪው ከላይ ካልሆነ ብለው ተከራከሩኝ፤ እኔም የተቀጠረው ለመጋዘን ሠራተኛነት መሆኑን እስኪሰሙ ድረስ አላሳመንኳቸውም።

ቃለ መጠይቁን ከአማካሪው ጋር ሁለት ጊዜ ድምፅ እያወጡ ይለማመዱት። ስለ ራስ ማውራት የሚያሳፍረው በመጀመሪያው ጊዜ ነው።

ስምንት፦ ስልሳው ቀን

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። ሰው ሁሉ ይህን ጊዜ የአሠሪው መመዘኛ አድርጎ ያየዋል። ሠራተኛውም ግን በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ ስለዚህ የእርስዎም መመዘኛ ነው። የጽሑፍ ውል ካልተሰጠዎ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥዎ በአክብሮት ይጠይቁ። በ15ኛው፣ በ30ኛውና በ50ኛው ቀን ያንን የሃያ መስመር ደብተር ይክፈቱ፤ አዲስ የተማሩትን ይጨምሩ፣ የማይሆኑኝ ካሏቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ተጥሶ እንደሆነ ይዩ። ተጥሶ ከሆነ ከመልቀቅዎ በፊት ለአማካሪው ይደውሉ። ሲለቁ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን ሳይቀበሉ አይውጡ፤ አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ልጁ አሁን 43ኛ ቀኑ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደውሎ፣ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ እየተቀላቀለ ስላስቸገራቸው አለቃውን አስፈቅዶ አንድ ፓኮ ጠመኔ ገዛሁ አለኝ።