ስምን ደብቆ ነጋዴን መተቸት፦ ምክር ወይስ ሐሜት?



የግቢያችን ተማሪ ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤቱንም፣ አከራዩንም፣ ማሠልጠኛ ተቋሙንም በቴሌግራም ይተቻል። «እዚያ አትሂዱ፣ ሌቦች ናቸው» የሚል አንድ መስመር ባልታወቀ ስም ይጻፍና በአንድ ምሽት ስንቱ ዘንድ ይደርሳል። ቃሉ እውነት ከሆነ የብዙ ተማሪን ገንዘብ ያድናል፤ ሐሰት ከሆነ ግን በዚያች ሱቅ የሚተዳደር ቤተሰብን እንጀራ ይዘጋል። ለመሆኑ ስሙን የደበቀ ተቺ መቼ ይጠበቅ? መቼስ ማንነቱ ይገለጥ? በዚህ ትምህርት ሁለት የታወቁ የፍርድ ቤት ክርክሮችን፣ የሀገራችንን ሕግና የዑለሞችን ሚዛን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. የዴንድራይት ክርክር

ዴንድራይት በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የሚገኝ የሶፍትዌር ኩባንያ ነበር። ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በያሁ ላይ ኩባንያው የገቢ አመዘጋገቡን ለውጧል፣ ኃላፊውም ድርጅቱን በስውር ሊሸጥ ገዢ እያፈላለገ ነው ብለው ጻፉ። ኩባንያው ከሰሰና ያሁ የጸሐፊዎቹን ስም እንዲሰጠው ፍርድ ቤቱን ጠየቀ። የግዛቷ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 የአንደኛውን ጸሐፊ ማንነት ለመግለጥ ፈቃደኛ አልሆነም። ምክንያቱም ኩባንያው በጽሑፉ ሳቢያ ጉዳት እንደደረሰበት አላስረዳም ነበር።

ፍርድ ቤቱ በዚያ ውሳኔ አምስት ነጥቦችን አስቀመጠ። ከሳሽ በመጀመሪያ ጸሐፊው መልስ መስጠት እንዲችል ሊያሳውቀው መሞከር አለበት። ሁለተኛ፣ ስሜን አጠፋ የሚለውን ቃል ለይቶ ያቅርብ። ሦስተኛ፣ ክሱ በሕግ የሚያስጠይቅ ይሁን። አራተኛ፣ ለክሱ ማስረጃ ያቅርብ። እነዚህ ሲሟሉ ዳኛው የጸሐፊውን ስም ሳይገልጹ የመናገር መብት ከክሱ ጥንካሬ ጋር ይመዝናል። ይህ መመዘኛ በሌሎች የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ዘንድ ሲጠቀስ ኖሯል።

የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ግልጽ ነው። አንዳንድ ከሳሽ የሚፈልገው ፍርድ ሳይሆን ስሙን ብቻ ነው። ስሙን ካገኘ በኋላ ሠራተኛውን ከሥራ ያባርራል፣ ደንበኛውን ያስፈራራል፣ ክሱንም ይተወዋል።

2. የምንጣፍ አጣቢው ክርክር

ሁለተኛው ክርክር የተነሣው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ሐዲድ የተባለ ምንጣፍ አጣቢ ድርጅት የልፕ በተባለው የደንበኞች አስተያየት መድረክ ላይ 7 መጥፎ አስተያየቶች ተጻፉበት። ድርጅቱ አስተያየቶቹን ከደንበኞቹ መዝገብ ጋር ቢያመሳክር ሊገጥሙለት አልቻሉም። «እነዚህ ሰዎች ደንበኞቼ አይደሉም» ብሎም ስማቸው እንዲገለጥ ጠየቀ።

የቨርጂኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ለድርጅቱ ፈረደ። የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው፦ ደንበኛ የሆነ ሰው ስለ አገልግሎቱ ያለውን አስተያየት ስሙን ሳይገልጽ መናገር መብቱ ነው፤ ደንበኛ ሳይሆን ደንበኛ ነኝ ያለ ግን አስተያየቱን የገነባው በሐሰት ላይ ነው። ሆኖም የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ውሳኔውን ሻረው። የሻረው ግን መዝገቡ ያለው በካሊፎርኒያ ስለሆነ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የማዘዝ ሥልጣን የለውም በሚል ነበር። ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ስም ሳይገልጹ የመናገር መብት ወሰን፣ በዚያ መዝገብ ሳይቋጭ ቀረ።

3. የሀገራችን ሕግ

በሀገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ በኮምፒውተር ማሠራጨትን በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስጠይቅ ወንጀል አድርጎታል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስም ማጥፋትን በካሳ ያስጠይቃል። ጸሐፊው የተናገረው እውነት መሆኑን ካስረዳ ግን፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካላደረገው በቀር፣ ከኃላፊነት ይድናል። ስም መደበቅም ሁልጊዜ አያድንም፤ አካውንቱ የተከፈተው በስልክ ቁጥር ነው፣ ሲም ካርዱም የወጣው በመታወቂያ ነው።

4. የዑለሞች ሚዛን

በፍርድ ቤት «እውነት ነው» ማለት ትልቅ መከላከያ ነው። በሸሪዓችን ግን ብቻውን አይበቃም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን፣ በወንድም ላይ ያለውን ነውር እሱ በሚጠላው መልኩ ማንሳት ሐሜት (ጊባ) ነው፤ የሌለበትን መናገር ደግሞ ቡህታን ነው። ስለዚህ እውነቱን ለመናገርም ሸሪዓዊ ምክንያት ያስፈልጋል።

ምክንያቱን ዑለሞች ዘርዝረውልናል። ኢማም አን-ነወዊ በ«ሪያዱ-ሷሊሒን» ሐሜት የሚፈቀድባቸውን 6 ሁኔታዎች ጠቅሰዋል። የተበደለ ሰው ፍትሕ ሊሰጠው ለሚችል አካል አቤት ማለቱና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። አንድ ሰው ከሌላው ጋር ለመሻረክ ወይም ለመገበያየት ሲያማክረን የምናውቀውን መንገርም ከዚሁ ይመደባል። እርጥቡን እህል ከሥር ደብቆ ሲሸጥ የተገኘውን ነጋዴ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እዚያው ገበያ ላይ ገሥጸውታል፤ የገዢ መብት ቀላል ነገር አይደለም።

የሐዲስ ሊቃውንትም ትልቅ ትምህርት ትተውልናል። ዲንን ለመጠበቅ ሲሉ የዘጋቢዎችን ድክመት በግልጽ ተናግረዋል፤ ይህንንም ከሐሜት አልቆጠሩትም። ነገር ግን ማንነቱ የማይታወቅ ዘጋቢ፣ መጅሁል የሚሉት፣ ብቻውን ያመጣውን ወሬ ማስረጃ አላደረጉም። ምክንያቱ የተብራራለትን ነቀፋም ከደፈናው ነቀፋ አስበልጠዋል። ስም የለሹን ተቺ ማሳደድ ተገቢ ባይሆንም፣ ያለ ማጣራት ማመንም ተገቢ አይደለም ማለት ነው። በሱረቱል ሑጁራት የመጣው «ወሬን አጣሩ» የሚል ትእዛዝ አንባቢንም፣ መልእክቱን ወደ ሌላ ቡድን የሚያስተላልፈውንም ይመለከታል።

5. ከመላካችን በፊት

ሀ. አገልግሎቱን ያገኘሁት እኔ ራሴ ነኝ? ወይስ የሰማሁትን ነው የምጽፈው?
ለ. የሆነውን ነው የጻፍኩት ወይስ ስድብ? «ሌቦች ናቸው» ፍርድ ነው፤ «የከፈልኩበትን ሥልጠና ሳይጨርሱ አቆሙብኝ፣ ገንዘቤንም አልመለሱም» ግን ሊጣራ የሚችል ወሬ ነው።
ሐ. ደረሰኝ፣ ውል፣ መልእክት አለኝ?
መ. መጀመሪያ ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ? ካልሰማኝስ ለሚመለከተው የንግድ ቢሮ አቤት ብያለሁ? የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለጉዳታችን ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል።
ሠ. ስሜን የምደብቀው በቀልን ስለምፈራ ነው ወይስ ቃሌን መጠየቅ ስለማልፈልግ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። አከራዩ ዕቃውን ወደ ውጭ እንዳይጥልበት ፈርቶ ስሙን የደበቀ ተማሪ ዑዝር አለው። ተፎካካሪ ሱቅ ለመጣል ብሎ በሐሰት ስም የሚጽፍ ነጋዴ ግን ዑዝር የለውም። ከዳኛ ፊት ሁለቱም ስም የለሽ ናቸው፤ አላህ (ሱ.ወ) ዘንድ ግን ማንም ስም የለሽ አይደለም።

ለሐለቃ ውይይት፦ ስሙን ከገለጸ ከሥራ የሚባረር ሠራተኛ ስለ አሠሪው በደል ማንን፣ እንዴት ያሳውቅ?

ወላሁ አዕለም።