የሊዝ ቤት ስንገዛ የምንገዛው ምንድን ነው?



በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር የሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። «አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ ልንገዛ ነው። ያጠራቀምነው ትንሽ አለ፤ እህታችንም ከጂዳ ትልክልናለች። ሐላል ነው ወይ? ያዋጣልስ ወይ?»

ሁለቱም ጥያቄዎች የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው፦ እየተሸጠልን ያለው ነገር ምንድን ነው? ይህን ያላወቀ ሰው ሐላልነቱንም ትርፉንም ሊያውቅ አይችልም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገረር ያለበትን፣ ማለትም ምንነቱና መጨረሻው ያልታወቀን ሽያጭ መከልከላቸው ለዚህ ነው።

*ግድግዳውና ዘመኑ*

በፊቅህ የአንድን ነገር «ዐይን» (ራሱን ዕቃውን) መግዛትና «መንፈዓውን» (ጥቅሙን) ለተወሰነ ጊዜ መያዝ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ኢጃራ ይባላል፤ ጊዜው ደግሞ መታወቅ አለበት። በሱረቱል ቀሰስ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከመድየኑ ሽማግሌ ጋር ሲዋዋሉ 8 ዓመት ተብሎ ተቆረጠ፤ 10 ቢሞላ ደግሞ ከራሳቸው በጎነት ነው ተባለ። ነብይ እንኳ ዓመቱን ቆጥሮ ነው የተዋዋለው።

በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የአፓርታማ ገዢ ሁለት ነገር ይገዛል፦ ቤቱን፣ እና ቤቱ የቆመበት መሬት የቀረውን የሊዝ ዘመን። ሻጩ ስለ መጀመሪያው ብዙ ያወራል፤ ስለ ሁለተኛው ግን እናንተ ካልጠየቃችሁ ዝም ሊል ይችላል።

በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ እስከ 60 ዓመት ይሰጣል። እንበል መሬቱ በ2006 ዓ.ም ለንግድ ለ60 ዓመት የተወሰደ ነው። በ2018 ዓ.ም ብትገዙ 12ቱ አልፏል፤ የምትገዙት 48 ዓመት ነው። መሬቱ ለመኖሪያ ተብሎ ለ99 ዓመት ቢሆን ኖሮ ግን 87 ይቀር ነበር። ግድግዳው አንድ ዓይነት ነው፤ ንብረቱ ግን አንድ አይደለም። ዘመኑ ሲያልቅ ዕድሳት ቢኖርም በዚያን ጊዜ በሚኖረው ዋጋ ነው፤ በራሱ የሚቀጥል አይደለም። ሠሪው የሚያዘገየው እያንዳንዱ ዓመትም ከዚሁ ዘመን ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ሊዙ መቼ ተወሰደ? ለምን አገልግሎት? ስንት ዓመት ቀረው?» ይሁን። መልሱን ከአፍ አትቀበሉ፤ የሊዝ ውሉን አንብቡ።

*የሌላ ሰው ዕዳ*

ሊዝ የወሰደ ሰው ቢያንስ 10 ፐርሰንቱን ቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪው በየዓመቱ የሚከፈልና ወለድ የሚታሰብበት ነው። ክፍያው ከተጠራቀመ የመንግሥት አካል ንብረቱን ይዞ እስከ መሸጥ ይደርሳል። ያልተከፈለውን ማን ይከፍላል? ገዢው ነው ከተባለ ስንት ነው? ካርታው ባንክ ተይዟል? ከመፈረማችሁ በፊት ይዞታው ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን ከክፍለ ከተማው አረጋግጡ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈረም አለበት፤ በሽያጭ ቢሮ በተሰጠ ደረሰኝ ብቻ አትተማመኑ።

*ያልተሠራ ቤት*

«ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው፤ መግዛት ይቻላል?» ሰው የሌለውን እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ነገር ግን አንድ ነገር በታወቀ መግለጫ እንዲሠራ ማዘዝ ኢስቲስናዕ ይባላል፤ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1992 እ.ኤ.አ ጂዳ ባደረገው ጉባዔ ፈቅዶታል። ሸርጡ የሚሠራው ነገር ዓይነቱ፣ መጠኑና ባሕርይው፣ እንዲሁም ጊዜው መገለጹ ነው። ክፍያው በየጊዜው ሊከፋፈል ይችላል።

ይህን ወደ ውላችሁ አምጡት። ስንተኛ ፎቅ ነው? 100 ካሬ ሲባል የተጣራ ነው ወይስ ደረጃውና ኮሪደሩ ተደምሮበት? የማጠናቀቂያ ሥራው እስከ ምን ድረስ ነው? መቼ ያስረክባል? ዋጋውስ ቁርጥ ነው? ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ዋጋው እንደ ዶላሩ ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። መጨረሻው የማይታወቅ ዋጋ ገረር ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነጥብ አለ። ገዢው ክፍያ ሲያዘገይ በፐርሰንት የሚጨመርበት ቅጣት በዕዳ ላይ የሚጨመር ነውና ሪባ ነው። ሠሪው ሲዘገይ የሚከፍለው ካሳ ግን፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ካልገጠመው በስተቀር፣ በውሉ ሊገባ እንደሚችል ያው አካዳሚ ወስኗል። ብዙ ውሎች ላይ የምናየው ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ በገዢው ላይ የጠበቀ፣ በሠሪው ላይ የላላ። ከመፈረም በፊት «ይህ ይውጣ፣ ያ ይግባ» ማለት መብታችሁ ነው።

*ገንዘቡ ከየት?*

በወለድ ብድር ቤት መግዛት አይፈቀድም። አልሐምዱሊላህ ዛሬ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉ፤ በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አለ። በሙራበሓ ባንኩ ቤቱን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥላችኋል። መጠየቅ ያለበት ባንኩ በእርግጥ ቀድሞ ገዝቶታል ወይ የሚለው ነው፤ ስሙ ብቻ ዐቅዱን ሐላል አያደርገውም።

የእህታችን ገንዘብ ደግሞ አለ። በሰው ቤት ላቧን አንጠፍጥፋ የላከችው ብር ስጦታ ነው? ቀርድ ነው? ወይስ ድርሻ? ዛሬ ማንም አይጠይቅም፤ «እኛ እኮ አንድ ነን» ይባላል። ከ10 ዓመት በኋላ ስትመለስ ቤቱ በወንድሟ ስም ነው፣ ሚስቱና ልጆቹ ይኖሩበታል፣ እሷ በእንግድነት ሳሎን ትተኛለች። ስንት ዝምድና እንዲህ ተቆረጠ! በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ዕዳን እንድንጽፍና እንድናስመሰክር ያዘዘን ስለማንተማመን ብቻ አይደለም፤ መተማመናችን እንዳይበላሽ ጭምር ነው። ከ9 ሚሊዮኑ 3 ሚሊዮኑ የእሷ ከሆነና ድርሻ ነው ከተባለ የቤቱ ሲሶ የእሷ ነው፤ ቢከራይ ኪራዩም እንዲሁ። ጻፉት፣ ምስክር አቁሙበት።

*ያዋጣል?*

ለምሳሌ ያህል ቤቱ 9 ሚሊዮን ብር ነው፤ እሱን የመሰለ ቤት በወር 35,000 ይከራያል እንበል። በዓመት 420,000 ነው፤ 9 ሚሊዮኑ ከ21 ዓመት በላይ ያከራያል። ቤቱ እስኪያልቅ 3 ዓመት ኪራይ ከከፈላችሁ 1,260,000 ጨምሩበት። የስም ማዛወሪያ፣ የሊፍትና የጥበቃ ወርኃዊ መዋጮም አለ። በሌላ ወገን ኪራይ ይጨምራል፤ የራስ ቤት ደግሞ ልጆች ከመድረሳና ከጎረቤት እንዳይነቀሉ ያደርጋል። የቀረው ዘመን 87 ከሆነ ሒሳቡ ወደ መግዛት ያጋድል ይሆናል፤ 48 ሆኖ ዋጋው ያው ከሆነ ግን ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ሌላ ፈልጉ።

«ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው» የሚለውን ተዉት። ኢጃራ ሐላል ዐቅድ ነው፤ ለከፈላችሁት መጠለያ አግኝታችኋል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ም የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሰፊ ቤትና መልካም ጎረቤት ከደስታ ምንጮች መሆናቸውን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ከዕዳ ደግሞ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦላቸው አቡ ቀታዳ ዕዳውን እስኪረከብ ድረስ አለመስገዳቸውን አንርሳ።

የቀረው ዘመን ታውቆ፣ ዕዳው ተጣርቶ፣ መግለጫውና ዋጋው ተቆርጦ፣ ገንዘቡ ከሪባ ነፅቶ፣ ከከፈላችሁም በኋላ የቤተሰቡ ቀለብና የልጆች ትምህርት የማይጓደል ከሆነ ቢስሚላህ ብላችሁ ግዙ። ከነዚህ አንዱ ካልተመለሰ ዛሬ አትፈርሙ። «ቅናሹ እስከ እሁድ ነው» የሚለው ጥድፊያ የሻጩ እንጂ የእናንተ አይደለም። የሚያውቅ ሰው አማክሩ፣ ኢስቲኻራ ስገዱ። ኢስቲኻራ ግን ካርታውን ከማየት አይተካም፤ ሁለቱም ይደረጋሉ።

አላህ ሐላል የሆነ፣ በረካ ያለበት መኖሪያ ይወፍቀን። በነብያችን ላይ ሰለዋት አብዙ። ወላሁ አዕለም።