የጎረቤትን ጓዳ ማወቅ

በሐይቅና በአምባሰል ገጠር የአንድ ቤተሰብ አቅም በቅድሚያ የሚለካው በጥማድ በሬው ነው። ነገር ግን በሬ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ባለ አንድ በሬው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ መሬት ያላት መበለት ግን በሬም አራሽም ስታጣ ማሳዋን በእኩል አሳርሳ ምርቷን ታካፍላለች። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተረጂዎችን የመለየት ሥራ ለአካባቢው ኮሚቴዎች የተሰጠውም ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ ስለሚያውቅ ነው። ይኸው ዕውቀት ግን አድልዎም ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ቤት ለቤት ስንጎበኝ፦ ምን አለ? ማን ይሠራል? ዕዳስ አለ? ከቅሬው ማን ይደርስለታል? ብለን እንጠይቅ። ጌታችን ሁለት ናስ የጣለችውን መበለት ሲመዝን የቀረላትን ተመልክቷልና (ማር. 12፥41-44)። አፍሮ የማይጠይቀውን ቤት አስቀድመን እናንኳኳ።