መድኃኒቱን የሚሸከመው ውኃ

ልጄ፣ መርጫ ገዝተህ ዘንድሮ ለራስህም ለጎረቤትም ልትረጭ መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው አረም እንደሚሆን የግብርናው ባለሙያ ይነግርሃል። ስለምትበጠብጥበት ውኃ ግን የሚነግርህ ስለማይኖር እኔ ልጻፍልህ።

1. ውኃውን ከመድኃኒቱ እኩል አክብረው። ባለ 16 ሊትር መርጫ ውስጥ 80 ሚሊ ቱፎርዲ ስትጨምር፣ ከምትረጨው 200 እጅ 199ኙ ውኃ ነው።

2. በድፍርስ ውኃ አትበጥብጥ። ክረምት ላይ የእኛ ዋልካ የሚወርድበት ወንዝ የጠላ ድፍድፍ ይመስላል። አንድ ዓመት ሰርዶ የወረሰውን ማሳዬን በግላይፎሴት ልጨርሰው ብዬ፣ የጣሪያ ውኃ መቅዳት ሰነፍኩና ከወንዙ ቀድቼ ረጨሁ። ሰርዶው ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ በሦስተኛው ሳምንት መልሶ አቆጠቆጠ። ባለ ሱቁን «ውኃ የተቀላቀለበት ሸጠህልኛል» ብዬ ተጣላሁት። ከዚያው ጠርሙስ የተረፈውን በዝናብ ውኃ በጥብጬ ስረጭ ግን ሰርዶው እስከ ሥሩ ደረቀ። ባለ ሱቁን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። ግላይፎሴት ጭቃ ሲያገኝ ይጣበቅበታል፣ ከዚያ በኋላ ቅጠል ውስጥ አይገባም። ረጭተህ ቆይተህ የምትዘራው ዘር የማይጎዳው አፈሩ ስለሚይዘው ነው። ያው አፈር መርጫህ ውስጥ ከገባ ግን መድኃኒቱን እዚያው ይይዘዋል። ፓራኳትም እንዲሁ ነው። ቱፎርዲ ጭቃውን ይህን ያህል ባይፈራም አሸዋው የመርጫውን አፍንጫ ይደፍነዋል።

መለያው ቀላል ነው። ባልዲ ሙላና ሳንቲም ጣልበት። ታች ሆኖ ካልታየህ ውኃው አይሆንህም። በጨርቅ ማጥለል ገለባና አሸዋ ያስቀራል እንጂ ደቃቁን ጭቃ አያስቀርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

3. የጠራ ሁሉ ደግ ውኃ አይደለም። አንዳንዱ የጉድጓድ ውኃ እንደ መስተዋት ይጠራል፣ ሳሙና ግን አያረፋም፤ ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ያ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ግላይፎሴትንም ቱፎርዲንም ይይዝና ያዳክማል። አሞኒየም ሰልፌት የተባለው ማዳበሪያ ከተገኘ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ውኃው ውስጥ ቢሟሟ ይረዳል። ዩሪያ ግን ያንን ሥራ አይሠራም፤ ማዳበሪያ ሁሉ አንድ ነው ቢሉህ አትቀበል። ከሁሉም የሚሻለው ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ በርሜል የወረደ የዝናብ ውኃ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው አቧራና ኩስ ስለሚያጥብ ድፋው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዝ።

4. ናፍጣ አትጨምር። «ያጣብቀዋል፣ ያበረታዋል» የሚሉህ ይኖራሉ። የእኛ ቱፎርዲና ግላይፎሴት በውኃ የሚሟሙ ስለሆኑ ከናፍጣ ጋር አይዋሃዱም። ናፍጣው ስንዴህን ያቃጥላል፣ የመርጫህን ጎማ ያላላል። ናፍጣ መድኃኒት የሚሸከምበት ሥራ የለም አልልህም። በአሜሪካ ቴክሳስ ከብት አርቢዎች ሜስኪት የሚሉትን፣ በአፋር ያስቸገረንን የፕሮሶፒስን ዘመድ፣ ትራይክሎፒር በናፍጣ በጥብጠው ግንዱ ላይ ይረጩበታል። እሱ ግን በዘይት እንዲሟሟ የተሠራ ነው፤ የሚረጨውም እንጨት ላይ እንጂ ሰብል ላይ አይደለም።

ኦሞም እንዲሁ ይቅርብህ። አረፋው መጠኑን ያሳስትሃል።

5. የእግርህን ውኃ እወቅ። 10 ሜትር በ10 ሜትር ለካ፣ ንጹሕ ውኃ ብቻ ሞልተህ እንደ ሥራ ቀን እየተራመድህ ርጨው። ሁለት ሊትር ከጨረስህ በሔክታር 200፣ በጥማድ (በሩብ ሔክታር) 50 ሊትር ነው። ቱፎርዲ በሔክታር አንድ ሊትር ከታዘዘ ለጥማዱ 250 ሚሊ ይበቃል፤ ይህ ለ16 ሊትሩ 80 ሚሊ ነው። ሦስት ሊትር ከጨረስህ ግን ለጥማዱ 75 ሊትር ስለምታፈስ በመርጫው የምትጨምረው 53 ሚሊ ገደማ ይሆናል። «በአንድ መርጫ አንድ ክዳን» የሚለው ልማድ ያንተን እርምጃ አያውቅም። አፍንጫውን በለወጥህ ቁጥር እንደገና ለካ።

6. መርጫውን ግማሽ ድረስ ውኃ ሙላ፣ ጓንት አድርገህ መድኃኒቱን ጨምር፣ አማስለው፣ ከዚያ ሙላው። የበጠበጥከውን በዚያው ቀን ጨርሰው፤ ለነገ አታሳድር።

7. ውኃ በሌላ ጀሪካን ቅዳ። መርጫውን ወንዝ ዳር ወስደህ አትሙላ፣ እዚያም አትጠበው። ከታች ከብት ይጠጣል፣ ሴቶች ይቀዳሉ። ያጠብክበትን ውኃ እዚያው በረጨኸው ማሳ ላይ መልሰህ ርጨው። የቱፎርዲውን መርጫ በደንብ ሳታጥብ ወደ ሽምብራ ወይም ኑግ ማሳ ይዘህ ብትገባ ቅጠሉን አጣሞ ይጥልብሃል።

እኔ ጋ ሁለት ባዶ በርሜል አለ፤ የምግብ ዘይት የነበረባቸው ናቸው፣ አጥቤያቸዋለሁ። ሐምሌ ሳይገባ መጥተህ አንዱን ውሰድ፤ አሸንዳውን አብረን እንገጥመዋለን።